ማግኔት የማይዘው በር

የኦርቪል ትቬት ሮዝ ወረቀት ስድስት ዓመት ሙሉ በአሮጌው ፍሪጅ በር ላይ፣ በዓሣ ቅርጽ ማግኔት ተለጥፎ ኖሯል። እሱ በሚኖርበት ሐይቅ ዳር ያለ ሽማግሌ ሁሉ የሚለጥፈው እዚያው ነው፤ አምቡላንስ ሲመጣ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት የፍሪጅ በር ነውና። «ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አይግባ» ይላል ወረቀቱ፤ ሠራተኞቹ ካዩት መታዘዝ ግዴታቸው ነው። ሚስቱ ቬርና አሥራ አንድ ሳምንት በቱቦ ተንፍሳ ነው የሞተችው። እሱም ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የፈረመው ከቀብሯ በሳምንቱ ነበር።

በኅዳር፣ አብሮት የሚኖረው ልጁ ከርት በሩ እንደ መስታወት የሚያሳይ አዲስ ፍሪጅ አመጣ።

«ይኸው አባባ! ፊትህን እያየህ ትላጭበታለህ።»

«እኔ የምፈልገው ቢራዬን እንዲያቀዘቅዝልኝ ነው» አለ ኦርቪል። ወረቀቱን በሩ ላይ አድርጎ ማግኔቱን ጫነበት። ዓሣው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደግሞ ሞከረ፤ ወደቀ።

«ይሄኛው ማግኔት አይዝም» አለ ከርት፣ ፈጠን ብሎ።

«ስትገዛው ታውቅ ነበር?»

«ፍሪጅ እኮ ነው አባባ!» ወረቀቱን ተቀብሎ የማንኪያው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ኦርቪል ማታውኑ አውጥቶ በአራት የቁስል ፕላስተር በሩ ላይ ለጠፈው። ጠዋት ሲነሳ በሩ ባዶ ነው። ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ፣ ከሹካዎቹ ሥር ተገኘ።

«ወድቆ ነው» አለ ከርት።

«አራቱም ፕላስተር ተላጠ?»

ከርት መሳቢያውን ከነወረቀቱ መልሶ ዘጋው። «እማማ በመጨረሻው ሳምንት እጄን ጨብጣኛለች። አንተ አላየሃትም» አለ።

«እኔ ያየሁት ዓይኗን ነው ልጄ።»

በማግስቱ ቁርስ ላይ የኦርቪል ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። አምቡላንሱን የጠራው ከርት ነው። እየጮኸ፣ እያለቀሰ ነው የጠራው።

የአምቡላንስ ሠራተኛዋ ሴትዮ ቦርሳዋን ይዛ ገባችና ቀና ብላ የፍሪጁን በር አየች። በሩ ያብለጨልጫል። ኦርቪልም አየው፤ እንደ መስታወት በሚያሳየው በር ውስጥ የልጁ ጀርባ የማንኪያው መሳቢያ ላይ ተደግፏል።

«ወረቀት አላቸው?» አለች።

ኦርቪል ጣቱን ወደ መሳቢያው አነሳ። ሴትዮዋ እጁን በሁለት እጇ ያዘችለት። «አይዞዎት አባቴ፣ አይፍሩ።»

ከርት ጣቱን አይቷል።

«የላቸውም» አለ።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተችና ቱቦውን አወጣች።