ሐይቁ መሀል የምትሞተው ጀልባ

ጀልባዋ ሲበርዳት ደህና ነበረች፤ የምትሞተው ሲሞቃት ነው። ማለዳ፣ ጉሙ ከሐይቁ ላይ ገና ሳይነሣ፣ ቁልፉ ሲነካ ወዲያው ትነሣለች። እንደ ጠገበች ድመት እያንኮራፋች ከማቆሚያው ትወጣና ነጩን ጭጋግ እየሰነጠቀች ወደ መሀል ትገባለች። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ናት። ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ትስልና ጸጥ። ውኃውም ጸጥ፣ ጉሙም ጸጥ፤ ሰማዩ የት ጋ አልቆ ሐይቁ የት ጋ እንደሚጀምር እንኳ አይለይም።

«ደግሞ አረፈች» አለች አሳንሰር ጠጋኟ፣ እጇን ከመሪው ሳታነሣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በረጃጅም ሕንፃዎች ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥላ አሳንሰር ስትጠግን ኖራ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከኤሌክትሪክ ጋር ተዋውቀዋል፤ ከጀልባ ሞተር ጋር ግን ገና ሰላምታ ላይ ናቸው። አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። በሃያ አራት ዓመቱ፣ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ የሚመጣ ሕመም የዐይኑን ብርሃን ወሰደበት። አሁን አርባ ሁለት ሞልቶታል፤ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። ከመታወሩ በፊት ግን በዚህች በአባታቸው ጀልባ እየተጎተተ እግር ላይ በሚጠለቅ ሳንቃ፣ በስኪ፣ ውኃ ላይ የሚሄድ፣ የሚዘል፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚንሸራተት ልጅ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት እሑድ ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና «እትዬ፣ አንዴ ልቁምበት» አላት።

«ምን ላይ?»

«ውኃው ላይ። ዐይነ ስውሮች በፊሽካ ምልክት ይንሸራተታሉ አሉ። አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ እይዛለሁ። አንዴ ብቻ።»

ሌሊቱን ሙሉ ሐይቁ ፊቷ ላይ ሲዋልል አደረ፤ በማግስቱ የመሣሪያ ሣጥኗን አንሥታ ጀልባዋ አሥራ ስምንት ዓመት ወደ ተኛችበት መጋዘን ሄደች። የመጋዘኑ ባለቤት አፉ ስለማይዘጋ ሰዉ ሁሉ «ዝምታ» የሚለው ሽማግሌ ነው። ታንከሩን አጠቡ፣ አሮጌውን ቤንዚን ደፉ፣ ዘይት ቀየሩ፣ አዲስ ባትሪ ገባ። ተነሣች። ሁሉም አጨበጨቡ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ይኸው፣ እንደ ዛሬው።

«ቤንዚን ነው» አለ ወንድሟ በጉሙ ውስጥ፣ በሙሉ እርግጠኝነት። «ጠምቷታል። ልትጠፋ ስትል ስትጎትት አልሰማሽም? እኔ እኮ ጆሮ አለኝ።»

እየቀዘፉ ተመለሱ። በእሱ ጆሮ ምስክርነት የቤንዚኑን ማጣሪያ ቀየረች፣ ቱቦውን ቀየረች፣ ካርቡራተሩን ፈትታ አጠበች። አንድ ሳምንት ፈጀ። ወጡ፤ ሃያ ደቂቃ ሄዱ፤ ሳለች፣ ጠፋች። እየቀዘፉ ተመለሱ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ማለት ይኼ ነው።

ዝምታ ከማቆሚያው ላይ ሆኖ ሲያያቸው ቆይቶ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። ወንድሟ ራሱ ሳይቀር በሣቅ መቅዘፊያውን ጣለ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በራሷ መንገድ ያዘችው። አሳንሰር በሁለት ፎቅ መሀል ሲቆም ሰው ሁሉ የሚመስለውን ይናገራል፤ እሷ ግን መለኪያዋን አውጥታ ከኤሌክትሪኩ መነሻ ጀምራ ትከተላለች። የኤሌክትሪኩን ኃይል በሚያበዛው ኮይልና እሳቱን በሚጭረው ካንዴላ ሽቦ መሀል ትንሽ መሞከሪያ መብራት አስገባች። እሳት ካለ መብራቷ ትጠቅሳለች፤ ከሌለ ትጨልማለች። ጀልባዋን ማቆሚያው ላይ በገመድ አሥረው፣ የሞተሩ ጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ የቤንዚን ሽታ እንዳይኖር ፋኑን አራት ደቂቃ አስነፍሰው አስነሡ። ጠበቁ። ጉሙ ቀስ እያለ ሳሳ፤ ፀሐይ እንደ ታጠበ ሳህን ብቅ አለች። መብራቷም ጠቀሰች፣ ጠቀሰች፣ ተንገዳገደች፣ ጨለመች። ሞተሩ ጠፋ።

«ቤንዚኑ ንጹሕ ነው» አለች። «እሳቱ ነው የሚሞተው።»

ኮይሉን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችና ፈጥና አነሣች፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል። የእሳት አከፋፋዩን ክዳን ስትከፍት ደግሞ ፑንቲናዋ፣ ያቺ እየተከፈተች እየተዘጋች ብልጭታውን የምታስነሣ ትንሽ የብረት ምላስ፣ ጠቁራና ተበሳስታ አገኘቻት። ከአቅሟ በላይ በሆነ ኃይል ስትጠበስ የኖረች ናት። ሽቦውን ከኮይሉ ወደ ኋላ እየዳሰሰች ሄደች። ከቁልፉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ኮይሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ኃይል በሚቀንስ አንድ ዕቃ ውስጥ ማለፍ ነበረበት፤ ዕቃው በቦታው አለ። ግን አንድ ሰው አጭር ቀይ ሽቦ ወስዶ ዕቃውን ዘልሎ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቷል። የባትሪው ኃይል በሙሉ ሳይቀነስ ኮይሉ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ተንበርክካ ሽቦዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ጀልባዋ ከመተኛቷ በፊት የተነዳችበት የመጨረሻው ቀን ትዝ አላት። የዚያን ቀንም እንዲሁ ነበር የጠፋችው። እሷ እየነዳች፣ እሱ ከኋላ እየተጎተተ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ሳለና ዝም አለ። እሱ ውኃው ውስጥ ሰጠመና ብቅ አለ፤ ነፋሱ ጀልባዋን ከእሱ አራቃት። ያን ጊዜ ዐይኑ መድከም ጀምሮ ነበርና የት እንዳለች ማየት አልቻለም። «እትዬ!» እያለ ሲጠራት ትሰማለች፤ ቁልፉን ብታዞር፣ ብታዞር፣ እምቢ። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው እስኪያወጡት አርባ ደቂቃ ሙሉ በመንሳፈፊያ ሰደርያው ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ሐይቁን አልረገጠም፤ በዚያው ዓመት ዐይኑ ጨርሶ ጠፋ። በቤተሰቡ ውስጥ ወሬው የጸናው ግን «በጉልበቷ ቁልፉን መትታ ሞተሩን አጠፋችው» ተብሎ ነው። ጉልበቷ እውነትም ቁልፉ አጠገብ ነበረና እሷም አመነች። ሠርግ ላይ ሳይቀር ይቀለድባታል፤ ትሥቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታያለች።

«ምን አገኘሽ?» አለ ወንድሟ።

እጁን ይዛ ወደ ሽቦዋ መራችው። ጣቶቹ ቀይዋን ሽቦ አገኙ፤ እስከ ጫፏ ሄዱ፤ ሦስቴ ተጠምዝዛ ወደ ውስጥ በታጠፈችው መቋጠሪያ ላይ ቆሙ። እዚያው ቀሩ።

«ይኼ የእኔ እጅ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እርግጠኛ ነህ? ጆሮህም እርግጠኛ ነበር።»

«ጣቴ አይዋሽም፣ እትዬ። እንዲህ የሚጠመዝዝ እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ራሱ ‹ይኼ የሽቦ አሠራር ነው የጫማ?› እያለ ይሥቅብኝ ነበር።» ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። «ብልጭታው እንዲጠነክር ብዬ ነበር። ፈጥና እንድትነሣ። ለጊዜው ብዬ... ከዚያ ረሳሁት።»

ዝምታ እንኳ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ ግን አልቻለም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ አጉተመተመ።

«አንቺ አልነበርሽም» አለ ወንድሟ። «አሥራ ስምንት ዓመት አንቺን ስወቅስ... አንቺ አልነበርሽም።»

የተቆጣች መስላ ልትናገረው ፈልጋ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ፤ «ስትጠራኝ እሰማህ ነበር። በጠራኸኝ ቁጥር ሰምቼሃለሁ።»

እሱም ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ልጅ ሳለ እንቅልፍ ሲመጣበት እንደሚያደርገው። ዝምታ ፊቱን አዙሮ ወደ ገመዶቹ ሄደ፤ የታሠሩትን ፈትቶ መልሶ አሠራቸው።

አሮጌውን አሠራር መጠገን ይቻል ነበር። እሷ ግን አልፈለገችም። ዐይን የሌለውን ሰው የሚጎትት ሞተር «ምናልባት» አያውቅም አለች። ፑንቲናዋን አወጣች፤ በምትኳ በአከፋፋዩ ዘንግ ላይ የማግኔት ቀለበት፣ ከጎኑም አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ሣጥን ገባ። ብረት ከብረት ሳይነካካ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ሣጥኗ እሳቱን ታዛለች፤ የሚበላ፣ የሚጠቁር ነገር የለም። ለሣጥኗ የሚስማማ ኮይል፣ አዲስ የካንዴላ ሽቦ፣ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳያመልጥ የታፈነ ለጀልባ የተሠራ ክዳን አደረገች። መመሪያውን ጮክ ብላ ስታነብ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመችና ደግማ አነበበች፤ አዲሷ ሣጥን የምትፈልገው ያልተቀነሰውን፣ ሙሉውን የባትሪ ኃይል ነው።

«ሽቦህ ትክክል ነበረች» አለችው እንባዋ እስኪመጣ እየሣቀች። «በአሥራ ስምንት ዓመት ቀድማ መጣች እንጂ!» የእሱን አውጥታ በራሷ እጅ ወፍራምና የተሸፈነ ሽቦ ዘረጋች።

የቀረው የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ነው። እንደ ሽጉጥ የሚያዝ፣ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት ከዝምታ ተዋሰች። ሞተሩ ተነሣ፤ የፊቱ መንኮራኩር ከመፍጠኑ የተነሣ ጭስ መሰለ። መብራቱን ስታነጣጥርበት ግን ያ ሁሉ ሩጫ ቆመ። መንኮራኩሩ ላይ በነጭ ቀለም የተሠመረችው ምልክት በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈች ላባ ረግታ ታየቻት።

«ምን ይታያል?» አለ ወንድሟ።

«የሚሮጥ ነገር ቆሞ ይታያል። ሞተሩ እየጮኸ መንኮራኩሩ የተኛ ይመስላል። አንዲት ነጭ ሠረዝ ብቻ፣ እንዲህ...» ጣቷን መዳፉ ላይ አሠመረች። አከፋፋዩን በጸጉር ስፋት አዞረችው፤ ሠረዟ ተንሸራትታ ቦታዋ ላይ ገባች፤ የሞተሩ ድምፅም ለስልሶ ወረደ። ይኼን እሱም ሰማው፤ ፊቱ በራ።

ማቆሚያው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስነሥተው ተዉአት። መሀል ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ነዷት። አልሳለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጡ። ዝምታ ከኋላ ተቀምጦ ተንሸራታቹን እንዲጠብቅ ሆነ፤ ፊሽካ አንድ ጊዜ ግራ፣ ሁለት ጊዜ ቀኝ፣ ረጅም ከሆነ ልቀቅ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ስለሆነ መናገር አልቻለም፤ ዐይኑ ብቻ ወሬ እንደ ሞላው ይቁለጨለጭ ነበር። ወንድሟ ውኃው ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ እጀታውን ጨበጠ። የስኪዎቹ ጫፎች ከጉሙ ውስጥ እንደ ሁለት ዳክዬ ብቅ አሉ።

«እትዬ!» ብሎ ጠራት።

«አለሁ!»

ነዳጅ ሰጠች። መጀመሪያ በግንባሩ ወደቀ፤ ሁለተኛም። ሦስተኛ ላይ ገመዱ ተወጠረ፣ ውኃው ተተረተረ፣ እሱም ቀስ እያለ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ ሰው፣ ቆመ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ረጋ። ከሥሩ ውኃው እንደ ሐር ተዘረጋ፤ ጉሙ በደረቱ እየተከፈለ ከኋላው ይዘጋ ነበር። መስተዋቱ ውስጥ ስታየው ሰማይም ምድርም የማይጎትተው፣ በነጭ ነገር ውስጥ የተንጠለጠለ ሰው ሆነባት። አፉ ተከፍቷል፤ ምን እንደሚል አልሰማችም። ሃያው ደቂቃ መጣ፤ ጣቶቿ መሪውን አንቀው ጠበቁ፤ ሃያው ደቂቃ አለፈ። ሞተሩ አንድ ዐይነት ድምፁን ይዞ ቀጠለ፤ ጣቶቿም አንድ በአንድ ላሉ።

ክንዱ ሲዝል ራሱ ለቀቀና ውኃው ውስጥ ገባ። ዞራ አጠገቡ ደረሰች፤ ዝምታ በብብቱ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ይሥቅ ነበር። «ሦስት ዙር!» አለ።

ዝምታ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «የምን ሦስት? ሁለት ነው! እኔ አይደለሁ የቆጠርኩት?»

«ነፋሱ ሦስቴ ነው ፊቴ ላይ የዞረው!»

«ነፋስ መቁጠር ይችላል እንዴ?»

ማቆሚያው ላይ ደርሰው ጀልባዋ ከታሠረች በኋላም ክርክሩ አላባራም። አሳንሰር ጠጋኟ ጫማዋን አወለቀች፤ ከኋላው ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ያሞቀችው ቦታ ላይ ጋደም አለች። በቀን ተኝታ የማታውቅ ሴት ናት። ውኃው የጀልባዋን ሆድ ቀስ እያለ ይመታል፤ ሁለቱ ሰዎች ሁለት ነው ሦስት ነው ይባባላሉ፤ ጉሙ የለም፤ እሷም መልስ ልትሰጣቸው አስባ ሳትመልስ ተኛች።