አረፋ ያወጣው የማንጎ ጁስ

ነገሩ የተጀመረው የሰኪና እጅ በዱቄት ሳሙና ተሰነጣጥቆ ሌሊት አላስተኛ ሲላት ነው። አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ሰፈር፣ በቤት ሠራተኛነት ከተቀጠረችበት ቪላ አጠገብ የምትኖር ፍልስጤማዊት አዘነችላትና የወይራ ዘይት ሳሙና አሠራር አሳየቻት። አሠራሩ ግን ቆሞ ለረጅም ሰዓት ማማሰል አለበት፤ ሰኪና ደግሞ ለዚያ ትዕግሥቱ የላትም። ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ጠብቃ የጁሱን ብሌንደር አነሳች። መስኮቱን ከፍታ፣ ለተደፈነ ቱቦ የሚሸጠውን ኮስቲክ ሶዳ በውሃ ታሟሟለች፤ ሲበርድ ከዘይቱ ጋር ገልብጣ ታሽከረክረዋለች። ወዲያው እንደ አጥሚት ይወፍራል። ባዶ የወተት ካርቶን ውስጥ ታፈስሰውና አልጋዋ ሥር ታደርቀዋለች፤ በአንድ ጊዜ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሳሙና ይወጣዋል።

ሳሙናው ተወደደ። ከሁሉም አብልጣ የወደደችው አብራት የምትሠራው ድንቅነሽ ነበረች። ድንቅነሽ በዕድሜ ታላቋ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን በሌላ ሳሙና አላጥብም እስከማለት ደርሳለች። ስለ ብሌንደሩ ግን እሷም አታውቅም። ሰኪና በአሮጌ ድስት ነው የምሠራው ብላታለች። የሰው ጁስ መፍጫ ውስጥ ኮስቲክ እገለብጣለሁ ተብሎ ይወራል እንዴ!

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ድንቅነሽ ለፍትፍቷ ሱፍ እንድትፈጭበት ማዳምን አስፈቀደች። ማዳም «ያ ዘይታም ፍሬሽ» እያለች ብታሾፍባትም አልከለከለቻትም።

አንድ ቀን እንግዶች መጡ። ድንቅነሽ ማንጎ ፈጭታ አቀረበች። ጁሱ ብርጭቆው ላይ አረፋ ደፈቀ፤ አንዷ እንግዳ ቀመስ አድርጋ አፏን በሶፍት ሸፈነች። ማዳም ፊቷ ቀልቶ ወደ ኩሽና ገባች፣ የብሌንደሩን ምላጭ ፈታች፣ ከላስቲኩ ሥር ነጭ፣ የሚያሟልጭ ነገር በጣቷ ጠርጋ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰኪና ገና ስታየው አወቀችው። አፏን ሳትከፍት ድንቅነሽ ቀደመቻት።

«የኔ ሱፍ ይሆናል ማዳም። ላስቲኩ እንደሚፈታ አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ።»

ሰኪና ዝም አለች። ዋስ የሆናት ካፊሉ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማው፣ ወደ አገር የሚመልሳት አውሮፕላን ባንዴ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጥፋቱ እሷን አልፎ ሌላዋ ላይ ሲያርፍ በሆዷ «አልሐምዱሊላህ» ብላለች። ኋላ ብቻዋን ስትሆን ፊቷን የሚያቃጥላት ይቺ ቃል ነበረች።

ማዳም በማግስቱ ድንቅነሽን ሌላ ከተማ፣ አል ዓይን፣ የራሷን እናት ሐጃ መርየምን እንድታገለግል ላከቻት። ድንቅነሽ ከሳምንቱ ሁሉ የምትጠብቀው ቀን ዐርብ ነበር፤ ዐርብ እዚያው አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከአል ዓይን ማን ያመላልሳታል? እያለቀሰች ሻንጣዋን ስትዘጋ ሰኪና ሁለት ሳሙና አስያዘቻት።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ዕለት ቤተሰቡ አል ዓይን ሲሄድ ሰኪናም አብራ ሄደች። ድንቅነሽ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻትና እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ከአጥሩ ወዲያ የኦአሲሱ የተምር ዛፎች ይታያሉ፤ ከአጥሩ ወዲህ ገመድ ላይ ነጠላዋ ተሰጥቷል፣ ነጭ ሆኖ።

«ባንቺ ሳሙና እኮ ነው ሰኪዬ። ዐርብ ዐርብ እለብሰውና እዚችው ቆሜ እጸልያለሁ። ምን ላድርግ፣ በራሴ ዝርክርክነት ያመጣሁት ነው።»

ሰኪና ከዚህ በላይ አልቻለችም። እየሮጠች ሳሎን ገባችና ማዳም ፊት ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሳሙናውን፣ ኮስቲኩን፣ ዝምታዋን። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የሚመጣውን ጠበቀች።

ማዳም ትክ ብላ አየቻትና በሳቅ ፈረሰች። «ሳሙና? በኔ ብሌንደር? አንቺ ጉደኛ! ያ እንኳ አርጅቶ ነበር፣ ሌላ ገዝቼ የለ? ለኔም ሥሪልኝ እንጂ!»

«ድንቅነሽስ ማዳም? ለፋሲካ ትመለስ?»

«እናቴ ለምዳታለች። ኸላስ፣ አለቀ።»

ይኸው ነው። ያን ያህል የፈራችው ነገር አንድ ሳቅ ሆኖ ቀረ። ሰኪና በጥፊ ብትመታ በወደደች።

ወደ ጓሮ ስትመለስ የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበር፤ ውስጥ የተባለው ሁሉ እስከ ልብስ ገመዱ ይሰማል። ድንቅነሽ ነጠላውን ከገመዱ አውርዳ፣ ጥለቱን ከጥለቱ እያገናኘች ቀስ ብላ ታጥፋለች።

«እትዬ ድንቅነሽ...» አለች ሰኪና።

ድንቅነሽ ቀና አላለችም። «ያኔውኑ ሹክ ብትይኝ እኮ» አለች፣ «ልጅ ናት፣ እንዳያባርሯት ብዬ፣ እኔ ነኝ እልልሽ ነበር።»

የታጠፈውን ነጠላ ደረቷ ላይ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሳሙናው ልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ቀርቷል፤ ገና ግማሹ አላለቀም።