ሐመሩ ሐ

ወለተጻድቅ ለፍልሰታ ሦስት ቀን ደብረ ሊባኖስ ሱባኤ ገብታ ወደ ኮልፌ ስትመለስ በጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው በጋሽ ሽኩር ደጅ ላይ የእድር ድንኳን ተተክሎ አገኘች። ማንን ልጠይቅ ስትል የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ደሜ ቀደማት።

«ጋሽ ሽኩር አረፉ» አላት። «እዚያው መካ፣ ሐጃቸውን ጨርሰው። ቴሌግራሙ የመጣው በእናንተው ቢሮ ነው፤ አልሰማሽም እንዴ?»

ጋሽ ሽኩር ለእሷ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አልነበሩም። ወለተጻድቅ ሰፈር ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌግራም ቤት ጸሐፊ ናት። የቢሮው ማሽን ከላቲን ፊደል በቀር አያውቅም፤ አማርኛውም ቢሆን በላቲን ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ፸፬ ዓ.ም.፣ ጋሽ ሽኩር ጅዳ ላለው ታናሽ ወንድማቸው መልእክት ሊልኩ መጡ። ወንድምየው እዚያው አድጎ አማርኛውን ረስቶታል፤ ዓረብኛው ደግሞ በማሽኑ ላይ የለም። እሳቸው በዓረብኛ ይናገራሉ፣ እሷ የሰማችውን በላቲን ትመታለች። «ልቤ ናፍቆሃል» ሲሏት «ከልቢ» ብላ መታችው፤ ለአማርኛ ጆሮ «ከልብ» ምን ክፉ አለው? ለካ ልብ በዓረብኛ በቀ ነው፤ በከ ሲጻፍ ውሻ ይሆናል። ወንድምየው «ውሻህ ደህና ነው ወይ?» ብሎ መለሰ።

ጋሽ ሽኩር አልተቆጡም፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወለተጻድቅ ግን አፈረች፤ ከእፍረቷም ይልቅ እልህ ያዛት። የቀራንዮ መድኃኔዓለሙ የመሪጌታ ተክለማርያም ልጅ ሆና፣ ከልብ በግእዝ ውሻ መሆኑን እያወቀች፣ እንዴት? በማግሥቱ ሰውዬውን አስቀምጣ ድምፅ በድምፅ አስወጣቻቸው።

«ይኼኛው ሐ ከጉሮሮ ነው የሚመጣው» ይሏታል።

«ሐመሩ ሐ ነዋ!» ትላለች።

«ይኼኛው ደግሞ ይከረክራል።»

«ብዙኃኑ ኀ።»

አማርኛ ሦስቱን በአንድ ድምፅ ጠቅልሎ መልካቸውን ብቻ እንዳስቀረ፣ ዓረብ ግን ዛሬም ለይቶ እንደሚጠራቸው ያን ቀን ገባት። በማሽኑ ላይ ያለው H አንድ ብቻ ስለሆነ ቁጥር ለጠፈችላቸው። ሃሌታው ሀ ባዶውን H፣ ሐመሩ ሐ H2፣ ብዙኃኑ ኀ H3 ሆኑ። ከ በK፣ ቀ በQ ይመታል። ደንቡን በወረቀት ጽፋ ለወንድምየው በፖስታ ላከችለት። ከዚያ ወዲያ ማንም ውሻ ሆኖ አያውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ለጋሽ ሽኩር ሚስት ለእትዬ ሸምሲያ አንገቷን ደፍታ ለቅሶ ደረሰች። ቴሌግራሙ ከጎናቸው በተቀመጡት ሼህ እጅ ነበር። ለምና ተቀበለችው። «SHIKUR HAJJA WA HALAK» ይላል።

«ሐጅ አደረገ፣ ሃለከ» አሏት ሼሁ። «ሃለከ ማለት ሞተ ነው። ለሐጃጅ እንዲህ ያለ ጠጣር ቃል መጠቀሙ ገርሞኛል፤ ግን ምን ይደረግ፣ የተጻፈው እሱ ነው።»

ወለተጻድቅ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። አንድም ቁጥር የለበትም። ወንድምየው በአራት ዓመት ውስጥ ሐመሩን ያለ ቁጥር የላከበት ጊዜ የለም፤ ሐጅ የሚለውን እንኳ ሁልጊዜ በ2 ነው የሚጽፈው። ሼሁን ወደ ውጭ ጠራቻቸው።

«አባባ፣ ይህች ሀ ሐመሩ ብትሆንስ? የጉሮሮዋ? መጨረሻውም ቀ ቢሆን?»

ሼሁ ለራሳቸው አንሾካሾኩና ዓይናቸው ፈጠጠ። «ሐለቀ … ተላጨ ማለት ነው። ሐጃጅ ሥርዓቱን ሲፈጽም ራሱን ይላጫል።» ከዚያ ክንዷን ያዟት። «ልጄ፣ ይህችን ሴት ሁለት ጊዜ እንዳንገድላት። ማስረጃ ሳትይዢ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ወለተጻድቅ ቤቷም አልገባችም። ጓዟን እንደተሸከመች ቢሮ ሄደች። እሷ በሌለችበት ማሽኑ ላይ የተቀመጠው የፈረቃው አለቃ ጋሽ ጉልላት ነው፤ በእንግሊዝኛው የሚኮራ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ብቻ የሚተርት ሰው።

«አዎ፣ አስተካክዬ ገለበጥኩት» አላት ሳያፍር። «መስመር ሲበላሽ ቁጥር በቃል መሀል ይሰነቀራል፤ ይህን እኔ ላስተምርሽ? Q ደግሞ ያለ U ሲቆም የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዓረብኛ ነው እኮ፣ ጋሽ ጉልላት! ሰውዬውን ገደሏቸው!»

ነገሩን ስታስረዳው ፊቱ አመድ መሰለ። ጅዳን ይደገምልን ብለን እንጠይቅ አለችው። እምቢ አለ። «ለምን ነካችሁት ብንባልስ? ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ ሲያዩ ደግሞ ሚስጥራዊ ኮድ ነው ይላሉ። በዚህ ዘመን ለኮድ ምን እንደሚከፈል ታውቂያለሽ። ልጆች አሉኝ።» መልእክቱ ከማሽኑ የወጣበትን ዋናውን የወረቀት ጥቅልል ስትጠይቀው ዓይኑን ሰበረ። ከቆሻሻው ጋር ጥሎታል፤ መኪናው ትናንት ወስዶታል።

በጣም ተናደደች። ሰው በፍርሃቱ ብዛት የሌላውን ሰው ሞት ፈርሞ ዝም ይላል? ግን ቁጣ ጥቅልል አያመጣም። የከተማው ቆሻሻ የሚደፋው ቆሼ ነውና፣ በአውቶቡስ እስከ አየር ጤና ሄዳ የቀረውን በእግሯ ጭቃውን እየረገጠች ቆሼ ደረሰች።

የነሐሴ ዝናብ የቆሻሻውን ተራራ አቡክቶታል። በኩሬ መሀል እየተራመዱ የሚለቅሙ ሰዎች አዩዋትና ተሳሳቁ። «ትናንት የተደፋ ወረቀት? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አላት አንዱ። እሷ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች ጠየቀች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ጾም ላይ ናት፤ ውሃ እንኳን አልቀመሰችም። ሰባተኛው ሰው ይሁን ስምንተኛው፣ አንዲት ሴት ዘንድ መራት። አበበች ይሏታል፤ ወረቀት ብቻ ነው የምትለቅመው።

«ጀርባው ንጹሕ የሆነውን ለባለሱቆች አቀርባለሁ» አለች አበበች። «ስኳር ይጠቀልሉበታል። የኮልፌው መኪና ያመጣው ይኼ ነው፤ እርጥቡን ከደረቁ ገና አልለየሁትም። ፈልጊ።»

አንድ ጆንያ ሙሉ ነበር። ወለተጻድቅ ላስቲክ ከጣሉበት መጠለያ ሥር ተንበርክካ ጥቅልሉን ክንድ በክንድ ትተረትር ጀመር። የሰው ልደት፣ የሰው መርዶ፣ «ሰኞ እመጣለሁ ጠብቁኝ» የሚል። ቀለሙ የፈሰሰበት ሲያጋጥማት ወደ ብርሃን አንሥታ ታየዋለች፤ ታልፈዋለች። አበበች አጠገቧ ቆማ «ሊመሽ ነው፣ እህቴ» ብትላትም አልሰማቻትም።

አገኘችው። በጋሽ ጉልላት ቀይ እርሳስ ተሰርዞ፣ ግን ፍንትው ብሎ ይነበባል፦ «SHIKUR H2AJJA WA H2ALAQ»።

ድንኳኑ ስትደርስ ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ናት፤ ደሜ ሊያስቆማት ሞከረ። ሼሁ ግን ከሩቅ አይተዋት ተነሡ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ፣ ደንቡን እንደገና ጠየቋት፣ ከዚያ ለቀስተኛው መሀል ቆሙ።

«ሃለከ» አሉ፣ በቀላሉ፣ ከአፋቸው። «ይኼ ሞተ ነው።» ቀጥለውም «ሐለቀ» አሉ፣ ከጉሮሯቸው ስበው። «ይኼ ተላጨ ነው። ወንድሙ የላከው ይኼኛውን ነው። ሽኩር ሐጁን ፈጽሞ ራሱን ተላጨ እንጂ አልሞተም።»

እትዬ ሸምሲያ እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። መሠረተ ትምህርት ገብተው አማርኛውን ገና እያቃኑት ነው፤ የላቲኑን ፊደል አያውቁትም፤ ቁጥር ግን ለይተዋል። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ሄዶ ቆመ።

«ሁለት» አሉ። ጣታቸው ቀጠለ፤ እንደገና ቆመ። «ይኼም ሁለት ነው።» ወለተጻድቅን ቀና ብለው አዩዋት። «ሁለት ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው?»

«አሉ፣ እትዬ ሸምሲያ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በእነዚህ ሦስት ቀናት ካለቀሱት ይልቅ ያን ጊዜ አለቀሱ። ከጥቂት በኋላ የእድሩ ወንዶች የድንኳኑን ካስማ ይነቅሉ ጀመር። እትዬ ሸምሲያ ቀና አሉ።

«ተዉት፣ አትንቀሉት» አሉ።

«ድንኳኑ እኮ የለቅሶ ነው» አላቸው ደሜ።

«ሦስት ቀን አልቅሼበታለሁ» አሉት። «አሁን ባሌን እቀበልበታለሁ።»