ኒሻኑ ሲመለስ

የንጉሡ የሳንቲምና የኒሻን ክፍል ጠባቂ የሚስቱ አባት ቶሎ እንዲሞቱለት ይጸልይ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ለክፋትም ወኔ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የገዛ ጥላው የሚያስደነግጠው ነው። ጣጣው የመጣው ከአንዲት ባዶ ቦታ ነበር።

ክምችቱን የጀመሩት የንጉሡ ቅድመ አያት ናቸው፤ ድል ካደረጉት ሰው ኪስ ሁሉ ሳንቲም እያስወጡ። አያትየው ወርቁን ጨመሩበት። አባትየው ደግሞ ኒሻን መሸለም ይወዱ ነበር። አንድ ቀን መልካቸው የተቀረጸበት ኒሻን ገበያ ላይ ሲቸረቸር ቢያዩ ደማቸው ፈላና፣ ተሸላሚ ሲሞት ኒሻኑ ይመለስ ብለው አዋጅ አወጡ። ታዲያ ስጦታ ነው ብድር? ማን ደፍሮ ይጠይቃል! በከፋይ ጨርቅ በተለበጡት መሳቢያዎች ውስጥ ለእያንዳንዱ ኒሻን ልኩ የሆነ ማረፊያ ተበጀለት፤ ከሥሩም የሟቹ ስምና የሞተበት ቀን የሚቀረጽበት ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ።

የአንዱ ጦርነት ጀግኖች መሳቢያ ሊሞላ አንድ ኒሻን ብቻ ቀረው። እሱም የጠባቂው ሚስት አባት የሌሊት ልብስ ላይ ተሰክቷል። ሽማግሌው አልጋ ከያዙ ከርመዋል፤ አንድ እግራቸውን ጉድጓድ ከተው ሌላውን ለማስገባት ይለግማሉ።

ንጉሡ መሳቢያውን አዩና፣ "በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች አሉብኝ" አሉ። "ይሄ ባዶ ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ያስጠላል። አንተ ካልሞላኸው የሚሞላ ሰው አላጣም።"

ጠባቂው የሚኖርበት ቤት የሥራው ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ሽማግሌው ከአልጋቸው ሰሙ። ጆሯቸው ከሳንባቸው ይሻላል። ጠርተውት ኒሻኑን ፈተው ዘረጉለት።

"እንካ። ልጄን ሜዳ ላይ እንዳትጥልብኝ።"

"አባባ፣ ሳይሞቱ እኮ አልቀበልም።"

"ታዲያ ሞቷል በላ! ከዚህ አልጋ ወርጄ የት ልታይ ነው?"

ሚስቱ አባቷ እግር ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸውም አገላብጠው ሳሟት፣ መረቋት። ጠባቂው ሰሌዳውን አስቀረጸ።

እንግዶቹ በመጡበት ቀን ንጉሡ የሞላውን መሳቢያ በኩራት ሳቡት። ሰሌዳውን ሲያነቡ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄ ሰው ሞተ? ትናንት? አባቴን ከእሳት ያወጣው እኮ ነው! ተቀብሯል?"

ተቀብሯል ቢል "ያለ እኔ ፈቃድ?" ሊባል ነው። ጠባቂው ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

"ገና ነው፣ ጃንሆይ።"

"ጎሽ! ነገ ጠዋት በክብር ዘብ እቀብረዋለሁ። ቤት ድረስ ራሴ እመጣለሁ። እንግዶቼም ይዩ።"

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ጠባቂው ቤቱ ሲደርስ ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ሾርባ ይጠጣሉ። "ያ ብረት ከደረቴ ሲወርድ ትንፋሼ ቀለለኝ፤ የልጄ ባል፣ ና ተቀመጥ" አሉት ፈገግ ብለው። እሱ ግን ሚስቱን ወደ ጓዳ ጎተታት።

ነገራት። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች።

"እውነቱን ንገራቸዋ!"

"በእንግዶቹ ፊት ዋሽቻቸው? ቤቱ ቀርቶ አንገቴ ነው የሚሄደው። አንቺስ ትተርፊያለሽ?"

ወደ አባቷ ክፍል ዞራ አየች። እንባዋ መጣና ሳይወርድ ተመለሰ።

"ጠዋት ነው ያሉት?"

"ጠዋት።"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ አባቷ ገባች። ጠባቂው ተከትሏት ገብቶ በሩን ዘጋ።

"ልጄ፣ ዛሬ እኮ ምግብ ጣመኝ" አሉ ሽማግሌው ሳህኑን ወደ እሷ እየዘረጉ። "እስቲ ትንሽ ጨምሪልኝ።"

ሳህኑን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው።

"ይበቃሃል አባዬ" አለች፣ ትራሱን ከጀርባቸው እየሳበች። "አሁን ጋደም በል።"