የማይስማማው ካርድ

ላፕቶፕ ጠጋኙን ብሎን የሚሉት፣ ማሽን ሲፈታ ብሎኖቹን በከንፈሩ ስለሚይዝ ነው። ሰው ሰላም ሲለው እንኳ አፉን አይከፍትም፤ በአፍንጫው «እምም» ብሎ ያልፋል። አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ የሰፈሩ መምህር የጥገና ሱቁ ገብተው ዱላቸውን ባንኮኒው ላይ ሲያስደግፉም እንደ ልማዱ እምም አላቸው።

«የላፕቶፔ ዋይፋይ ሞቷል። ውስጡ የሚገባ አዲስ የዋይፋይ ካርድ ፈልግልኝ» አሉ።

«ይምጣና ልየው፣ ጋሼ» አለ፣ ብሎኖቹን በከንፈሩ እንደያዘ።

«ከቤት አይወጣም። ሞዴሉን ጽፌልሃለሁ።»

ብሎን ወረቀቱን ሲያይ ብሎኖቹን ከአፉ አወጣ። ይሄን አሮጌ ማሽን ያውቀዋል፤ ግትር ነው። ሌላው ላፕቶፕ የሰጡትን ካርድ ይቀበላል። ይሄኛው ግን ፋብሪካው ካስተዋወቀው ውጭ የሆነ ካርድ ሲገባበት፣ ገና ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ «ይህ ካርድ አይፈቀድም» የሚል ጽሑፍ ያወጣና ድርቅ ይላል።

«ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? ከጎኑ የምትሰካ፣ ጥፍር የምታክል ዋይፋይ አለች። አሁኑኑ ልስጥዎት።»

«አልፈልግም!» አሉ መምህሩ፣ ተማሪ እንደሚቆጡ ሁሉ። «ውስጡ የሚገባውን ነው ያልኩህ። ወንድሜ ይጠብቀኛል።»

ወንድማቸው ሌላ ከተማ የሚኖር ታናሻቸው ነው። ጆሮው አይሰማምና ስልክ አይሆንም፤ በየጠዋቱ በኢሜይል ይሰዳደባሉ። መምህሩ «አለህ ወይስ ሞተሃል?» ብለው ይጽፋሉ። ታናሽየው «አንተን ሳልቀብርማ ወዴት እሄዳለሁ!» ብሎ ይመልሳል። የሁለቱም ቀን የሚነጋው በዚህ ነው። መምህሩ እንደሚሉት አሁን ታናሽየው ሆስፒታል ተኝቷል፤ መምህሩም ለልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል።

«ስድቡን ሳላነብ ነው እንዴ ደረቴን የሚከፍቱት?» ብለው ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ብሎን አሳሩን በላ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ሄዶ ሲያገላብጥ፣ አቧራ ሲቅም ዋለ። አንዱ ካርድ ረዝሞ ቦታው አይበቃውም። ሌላው አጥሮ የብሎኑ ቀዳዳ አይደርስለትም። ሌላው ልኩ ልክ ነው፤ ማሽኑ ይወቀው አይወቀው ግን እግዜር ነው የሚያውቀው። ለማንኛውም ያዘው። በመጨረሻ ክዳኑ የተገነጠለ፣ የዚያው ዓይነት ላፕቶፕ አገኘና ከሆዱ ውስጥ ካርዱን ፈትቶ ሲያወጣ ደስ ብሎት አፏጨ። ሻጩ ያበደ መስሎት ራቅ ብሎ ቆመ።

ሁለቱን ካርዶች ይዞ መምህሩ ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱለት ባለቤታቸው ናቸው። ዓይናቸው አብጧል።

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

መምህሩ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ውጭ ያያሉ። ብሎን ላፕቶፑን ገልብጦ ክዳኑን ከፈተ፤ ጥቁሩንና ነጩን የአንቴና ሽቦ ነቅሎ የመጀመሪያውን ካርድ አስገባ። ጥቁር ስክሪን። አይፈቀድም። «አላልኩም? ይሄ ግትር!» አለና ሁለተኛውን አስገባ። አሁን ማሽኑ በደንብ ተነሳ፤ ካርዱንም አወቀው። ዋይፋይ ግን አንድም አላሳየም።

ወይ ጉድ! ብሎን እያሰበ የላፕቶፑን የፊት ጠርዝ ሲደባብስ፣ አውራ ጣቱ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ ነካ። የዋይፋይ ማብሪያ ናት፤ አዲሶቹ ላይ የለችም። ተዘግታለች። እንዳትከፈት ደግሞ ግልጽ ፕላስተር ተለጥፎባታል። ለካ የድሮው ካርድ ምንም አልሆነም።

ቀና ሲል ባለቤትየው የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ።

ውሃ ልጠጣ ብሎ ተከተላቸው።

«ወንድሙ አርፏል» አሉ በሹክሹክታ። «የወንድሙ ልጅ ደውላ ነገረችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ቀዶ ጥገናው ሳያልፍ እንዳይደነግጥ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ኢሜይሉን ቢከፍት የሚያየው የሐዘን መልእክት ነው። ምን ላድርግ፣ ልጄ? ከሆስፒታል ይውጣልኝ እንጂ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እባክህ አትግደልብኝ።»

ካርድ ሊቀይር የመጣ ሰው ምን በወጣው! ግን እንዲያ እያዩት እንዴት እምቢ ይበል? ተመለሰና «ይሄም አልተስማማም፣ ጋሼ» አለ። ውሸት አይሆንለትምና አጎንብሶ ክዳኑን መግጠም ጀመረ።

«አልተስማማም?» አሉ መምህሩ። «በል ና፣ ልሸኝህ።»

የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ አየት አድርገው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማብሪያዋን አገኘሃት አይደል?»

ብሎን ማብሪያዋን የነካበትን አውራ ጣት ኪሱ ውስጥ ደበቀ።

«ስንት ዘመን የከፈትኳትና የዘጋኋት ማብሪያ፣ እንዴት ትጠፋኛለች? ፕላስተሩን ባለቤቴ የለጠፈችው ስልክ የተደወለላት ቀን ነው። ስልኩን ዘግታ ስትመጣ ፊቷን አይቻለሁ። ወንድሜ እንደሌለ ያን ጊዜ አወቅሁ።»

«ታዲያ፣ ጋሼ... ካርዱ ለምን አስፈለገ?»

«ዝም ብል ትነቃብኛለቻ! እኔ ወንድሜን ሳልሰድብ ውዬ ዝም የምል ሰው ነኝ?» ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ለልቤ ብላ ሐዘኑን ብቻዋን ይዛዋለች። ማወቄን ካወቀችና እዚያ አልጋ ላይ አንድ ነገር ከሆንኩ፣ ‹ሳልደብቀው ቀርቼ እኔ ገደልኩት› ብላ ዕድሜ ልኳን ትቃጠላለች። የደበቀችኝ ይምሰላት። ስለዚህ ሆስፒታል እስክገባ እየተመላለስክ የማይስማማ ካርድ አምጣልኝ።»

 ዕድሜውን በሙሉ የሚስማማ ሲፈልግ የኖረው ብሎን፣ በነጋታው መሳቢያውን ከፍቶ የማይስማማ መረጠ።

መምህሩ ሆስፒታል ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ብሎን የመጨረሻውን ካርድ አስገባ። ጥቁር ስክሪን። መምህሩ ጎንበስ ብለው፣ ኩሽና ድረስ እንዲሰማ ጮክ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ይህ ካርድ...» ሲሉ ድምጻቸው ተቆረጠ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እንባቸው ኪቦርዱ ላይ ወረደ።

ባለቤታቸው እየሮጡ መጡ። «ምን ሆንክ?»

«ይቺ ማሽን!» አሉ መምህሩ። «ይቺ ክፉ ማሽን! ምን አደረግኳት? አንዲት ካርድ ብትቀበለኝ ምን ነበረበት!»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ክንዳቸውን ያዙ። «ክፉ ናት» አሉ። «ምንም አላደረግካትም። ክፉ ናት።» ከዚያ የእሳቸውም ሆድ የያዘው ሁሉ ወጣ። ሁለቱም ተቃቅፈው ድምጽ አውጥተው አለቀሱ።

ለቅሶውን የሰማች ጎረቤት ደንግጣ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ምነው? ማን ሞተ?»

ብሎን ብሎኖቹን ከአፉ አወጣ።

«ማንም» አለ። «ካርዱ አልስማማ ብሎ ነው።»