የሰላም ጎመን ሲደርቅ

ሼን ባዎሊን የቤት ሥራ የማይሆንለት ወንድ አልነበረም። ዓሣ ይጠብሳል፣ ሩዝ ይቀቅላል፤ ሚስቱ ቹንላን አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህም ቤቱን ቀጥ አድርጎ ይዟል። የሰላም ጎመን ማድረቅ ላይ ሲደርስ ብቻ እጁ ይተሳሰርበታል።

የሰላም ጎመን በየአጥሩ ሥር ሳይዘራ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ ግንዱ ቀላ ያለ አረም ነው። ለሆድ ሕመም መድኃኒት ይሆናል። በሙቀቱ ወራት ደርቆ ይቀመጥና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይበላል፤ እነሱ በሚኖሩበት የቦይ ዳር አገር ዓመቱ በሰላም እንዲያልፍለት ሳይቀምሰው የሚያድር ሰው የለም። ባዎሊን ቤት የምታደርቀው ሁልጊዜ ቹንላን ነበረች። ዘንድሮ ግን ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ቅዝቃዜው እስኪገባ እንኳ አትቆይም።

“አንተ ሽማግሌ፣ ጎመኑ ደረቀ?” አለችው አንድ ቀን ከአልጋዋ ሆና።

“ገመድ ላይ ነው።”

“በፈላ ውሃ ነክረኸዋል?”

“እንዴታ።”

“እስቲ አምጣው ልየው።”

እያመነታ አንድ ዘለላ አመጣላት። ቅጠሉ እንደወፈረ ነው፤ ጭራሽ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ አበባ ፈክታለች። ይህ አረም ግትር ነው፤ በፈላ ውሃ ካልተነከረና በምድጃ አመድ ካልታሸ ነቅለው ቢሰቅሉትም አይሞትም። ይህን ደግሞ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

ቹንላን ሳል እስኪይዛት ሳቀች። “ገመድ ላይ የሚያብብ ጎመን ዛሬ አየሁ። ለሠርግ ነው ያዘጋጀኸው?”

“ረስቼው ነው፣ የዳዮንግ እናት።”

“አትዋሸኝ። ዕድሜ ልክህን አጠገቤ ቆመህ እሳት ስታነድልኝ ኖረህ ረሳሁ ትለኛለህ?”

ባዎሊን መሬት መሬቱን አየ። “እኔ ካልቻልኩበት የምትሠሪው አንቺ ነሽ” አለ በመጨረሻ። “ተነስተሽ ትሠሪዋለሽ ብዬ ነው።”

የቹንላን ዓይን እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ ነበር። “ልጄ ዳዮንግ ለበዓል ሲመጣ ባዶ ሳህን ይጠብቀው? ሳይቀምስ ወደ ከተማ፣ ወደዚያ የፎቅ ግንባታ ሥራው ይመለስ? ዓይኔ ሳይከደን ሠርተህ አሳየኝ።”

በማግስቱ ከአልጋዋ ሆና እንድታየው የማድቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተላት። አዲስ ጎመን ለቅሞ ውሃውን ጣደ። “ጨምረው” ትላለች፤ ይጨምራል። “አውጣው እንጂ፣ ሾርባ ልታደርገው ነው?” ትላለች፤ ያወጣል። አመዱን ነስንሶ አሸ፤ ገመዱ ላይ ሰቀለ። ፀሐዩም አላሳፈረውም። ጎመኑ ጠቁሮ ኩርምት ሲል በወንፊት አድርጎ አቀረበላት።

ቹንላን አንድ ቅጠል በጣቷ አድቅቃ አሸተተች።

“ጎበዝ” አለች። “እኔም ከዚህ የተሻለ አላደርገውም።” ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቃስት ተኛች።

ከዚያ ወዲያ ይህን አደረግህ፣ ያንን ረሳህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። የቤቱ ነገር ሁሉ ከልቧ ወጣ። ባዎሊን አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሿን እያዳመጠ፣ የምትቆጣኝ ነገር እንዲቀርላት ምነው አንዲት እፍኝ እንኳ ባበላሸሁ ኖሮ እያለ ተንገበገበ።