እርድ የተነሰነሰበት በቆሎ

እርዱ መርዙን አልገደለውም። የገደለው ሽታውን ነው፤ ከሽታው ጋር ደግሞ የሰውን ጥርጣሬ።

ልጅቷ ይህን ያወቀችው ጠዋት፣ ከመኖ ፋብሪካው ጀርባ ላብራቶሪ ብለው በሚጠሯት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከጆንያው የዘገነችውን ዱቄት በአልኮል በጥብጣ አጠለለችና የመመርመሪያ ወረቀቷን ነከረችበት። አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ሌላ ጆንያ፣ ሌላ ወረቀት፤ አሁንም አንድ መስመር። ሁለተኛው መስመር ብቅ ቢል መኖው ንጹህ ነው ማለት ነበር። አላለም።

እየሮጠች ወደ መጫኛው ወጣች። መኪናው ተጋምሷል። ሾፌሩ፣ በፍጥነቱ የተነሳ ሁሉም "ኤሊ" የሚሉት ሰው፣ ጎማው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

"አውርዱት" አለች።

"ዶክተር፣ እኛ ጫኑ ሲሉን እንጭናለን፣ አውርዱ ሲሉን እናወርዳለን። ብቻ እናንተ መጀመሪያ ተስማሙ።"

ዶክተር አልነበረችም። ስሙን ያወጣላት አጎቷ ነው፤ ሲኮራባት ከልቡ፣ ሲናደድባት በሹፈት እንዲያ ይጠራታል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ፋብሪካውም የእሱ ነው።

ቢሮው ገብታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችለት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያቸው።

"አንድ መስመር። ትናንት እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ነው። ንጹህ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርግዝና ምርመራ አይደለም። እዚህ አንድ መስመር ማለት አለ ማለት ነው።"

"ምኑ?"

"መርዙ። የሻጋታው መርዝ።"

ክው አለ፤ ግን ወዲያው ራሱን ሰበሰበ። "እርድ አለበት እኮ። አንቺው አይደለሽ ያሳየሽኝ?"

አሳይታዋለች። ለመመረቂያ ጥናቷ ጫጩቶችን ለሁለት ከፍላ የሻገተ በቆሎ አብልታ፣ ለግማሾቹ እርድ ጨምራበት ነበር። ሲታረዱ ጉበታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠራችው፤ እርድ ያልቀመሱት ጉበት ገርጥቶ አብጧል፣ የቀመሱት ከጤነኛ ብዙም አይለይም። አጎቷ ያንን ጉበት ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። በኋላ የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰና በቆሎው ሻገተ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋዋል። እሱ አስፈጭቶ እርድ በአካፋ አስደባለቀበት፤ መኖው ትናንት የተሸለቀቀ በቆሎ መሰለ።

"እርዱ ጉበቱን ያግዘዋል እንጂ መርዙን አያጠፋም" አለች። "ያኔ መርዙን በልክ ነው የሰጠኋቸው። ይሄ ልክ የለውም። ደግሞ ላም ዶሮ አይደለችም ጋሼ። የበላችው ወተቷ ውስጥ ይገባል።"

"ከደህናው ጋር ደባልቀን እናሳሳዋለን።"

"ደህናው የት አለና?"

ጭነቱ የሚሄደው ከመንገዱ ማዶ ላሞች ለሚያረቡት ሴትዮ ነው። የእሳቸው ወተት የሚሄደው ለሕፃናት መዋያ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህም ማናቸውም አላነሱትም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"እትዬ፣ ዛሬ መኖ ቢመጣ እንዳይቀበሉ።"

"ምነው ልጄ?" አሉ ሴትዮዋ። "የባለፈው እኮ ደህና ነው። እርድ እርድ ቢላቸውም ላሞቹ ለምደውታል።"

ቀና ብላ አጎቷን አየችው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"የባለፈው መቼ መጣ?"

"ሰኞ መሰለኝ። ምነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም?"

"የዛሬው ወተት ሄዷል?"

"ገና ነው፣ እየጫኑ ነው።"

"እትዬ፣ እንዳይሄድ። ወተቱ—"

አጎቷ ስልኩን ከጆሮዋ ላይ መነተፋት። ድምፁ ወዲያው ማር ሆነ።

"እንዴት አደርሽ እህቴ? አትስሚያት እባክሽ፣ ትምህርቱ በዝቶባት ጥላዋንም ትጠራጠራለች። እኔ ላንቺ መጥፎ ነገር ብሸጥ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ላኪ፣ ወተትሽን ላኪ።"

ዘጋውና ስልኩን ኪሱ ከተተው።

"ስልኬን ስጠኝ።"

"ቁጭ በይ። ዘዴ እፈልግለታለሁ። ዛሬ ይሄ ነገር ከወጣ ግን አለቀልን፤ እኔም፣ ሠራተኛውም፣ አንቺም።"

"ሕፃናቱስ?"

"የአንድ ቀን ወተት ማንን ገደለ?"

"ከሰኞ ጀምሮ ነው እኮ የሚጠጡት።"

አጎቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው?"

ትጠብቀው ነበር። እሱ ተረት ውስጥ ሲገባ ሌላ የሚለው አልቆበታል ማለት ነው። የዋለላትን አልረሳችም፤ ልርሳው ብትልም የሚረሳ አይደለም። ከማዶ ግን ወተቱ እየተጫነ ነው።

"ወጪቱን አይደለም ጋሼ። ውስጡ ያለውን ነው የምደፋው።"

ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"እሳቸው ጋ። በእግሬ ብሮጥ እደርሳለሁ።"

"ከወጣሽ ተመልሰሽ እዚህ እንዳትረግጪ።"

ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ከቁጣ ይሁን ከፍርሃት አለየችውም፤ ለመለየትም ጊዜ አልነበራትም። ወጣችና በሩን ዘጋችው።